የጋሽ አየነው ናሙና

ስብሰባ ላይ ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ ቻሉት። ቢያንስ ምርጫው እስኪያልቅ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ተቀመጡ። እኔ አልቻልሁም። እሑድ ጠዋት በዓባይ ማዶ ቀበሌ አዳራሽ ሊቀ መንበሩ ስለ ጤና ጥናቱ ሲያብራሩ ሆዴ ተነሣብኝና አጎንብሼ ወጣሁ። ሽንት ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ስለሆነ ብዙ አልቆየሁም። ስመለስ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለኝ። ከሽንት ቤት ሲወጣ የተጨበጨበለት ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ደንግጬ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ለካስ በሌለሁበት የሕሙማን ተወካይ ሆኜ ተመርጬ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር ሰሎሞን የሚባሉ ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ፣ አንድ ፕሮፌሰር ደግሞ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ብልሃርዝያን በትብብር ሊያጠኑ ባሕር ዳር መጡ። ብልሃርዝያ ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ውኃ በቆዳ ገብቶ ሆድ ውስጥ የሚከርም ትል ነው። እኛ ዓባይ ማዶ ያለን ሰዎች ልብሳችንንም ገላችንንም የምናጥበው ወንዙ ዳር ስለነበር ትሉ እኛን ፍለጋ ብዙ አልደከመም። ጥናቱ እንደ ድሮው አይደለም ተባለ። ድሮ አጥኚ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይወስዳል፣ በዚያው ይቀራል። አሁን ግን የጥናቱ ባለቤት ሰፊው ሕዝብ ስለሆነ ሕሙማን በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኖራቸዋል። ለተወካይነት የሚያበቃው ሁለት ነገር ነው፤ መጻፍ መቻልና በሽታው ያለበት መሆን። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ መጻፍ እንጀራዬ ነው። በሽታው እንዳለብኝ ደግሞ ከአዳራሹ አወጣጤ መሰከረ።

ኮሚቴው አራት ሰው ነው፤ ዶክተሩ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሊቀ መንበሩና እኔ። የሚሰበሰበው ጥናቱ በተከራየው ቤት ውስጥ ሲሆን በክፍሉ ያሉት ባለ መደገፊያ ወንበሮች ሦስት ናቸው። ለእኔ ሕሙማን ተራ የሚጠብቁበት ረጅሙ አግዳሚ ከኮሪደር ገባልኝና በሩ ሥር ተቀመጥሁ። በር በተከፈተ ቁጥር ጉልበቴን እየሰበሰብሁ ሰው አሳልፋለሁ። ሦስቱ ይወያዩና፣ ውሳኔው ላይ ሲደርሱ ዶክተር ሰሎሞን ወደ እኔ ዞር ብለው “የሕሙማን ተወካይ ምን ይላሉ?” ይላሉ። እኔ ብድግ እላለሁ፤ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ “ትክክል ነው” እላለሁ፤ እቀመጣለሁ። ከዚያ “የሕሙማን ተወካይ ሐሳቡን በሙሉ ልብ ደገፉ” ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ። “በሙሉ ልብ” የምትለዋንም የጨመርኋት ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ነኝ።

ለናሙና ማምጫ ክዳን ያላት፣ ቁጥር የተለጠፈባት ነጭ ብልቃጥ ለየሰው ስትታደል ለምሳሌ፣ ትክክል ነው ብያለሁ። ያችን የመሰለች ዕቃ ለዚያ ዓይነት ሥራ ማዋል ለማን ይሆንለታል? እኛ ቤት ሚጥሚጣ ገባባት። ጎረቤቴ መሪጌታ ጥበቡ ቀለም በጠበጡባት። ናሙናው የሄደው አገሩ ሁሉ እንደለመደው በክብሪት ቀፎ ነው፤ ዶክተር ሰሎሞንም ከፊታቸው የተደረደረውን የክብሪት ቀፎ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና ቁጥሩን እንደገና በእጃቸው ጻፉበት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥራቸውን የሚወዱ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ። ከእሑድ ከሰዓት በስተቀር ዕረፍት የላቸውም፤ እሑድ ብቻ ጣና ገብተው ይዋኛሉ።

ከዚህ ሁሉ “ትክክል ነው” ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ነው። ለትሉ የሚሰጠው ክኒን ሆድ ባዶ ሲሆን ያስመልሳል። ስለዚህ ሕሙማን ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቁርሳቸውን በልተው መጥተው፣ ነርሷ ፊት እንዲውጡ ይሁን ተባለ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም። ዓባይ ማዶ በዐቢይ ጾም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ የበላ ሰው ቢገኝ ሕፃን ነው ወይም ፕሮፌሰሩ ናቸው። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ሊቀ መንበሩም ያውቃሉ፣ ነገር ግን እሳቸው ስለ ጾም ማወቃቸውን ማሳወቅ አይፈልጉም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ፕሮፌሰሩም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዩኝ። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ይህን ያህል አስበው የደረሱበትን እኔ ከበር ሥር ተነሥቼ እንዴት አፈርሳለሁ? ብድግ አልሁና ትክክል ነው አልሁ።

በቀኑ ነርሷ “በልታችኋል?” ስትል ሁሉም “አዎ” አለ። ምንስ ሊል ነው? ዋጥን። ከዚያ በየአጥሩ ሥር ያጎነበሰውን ሰው ብዛት አልነግራችሁም። በማግሥቱ ዶክተሩ ቅጹን ይዘው በየደጁ እየቆሙ “እንዴት ነዎት?” እያሉ ዞሩ። ሰዉም በወጉ “ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። በቅጹ ላይ “ደኅና” የሚል ሳጥን ነበረ፤ ምልክት ገባበት።

ግንቦት ላይ ክኒኑ መሥራት አለመሥራቱን ለማረጋገጥ እንደገና ናሙና አምጡ ተባልን። ትል የተገኘበት ሰው ሁለተኛ ክኒን ይሰጠዋል። እኔ ትሉ እንዳለብኝ አላጣሁትም፤ ሆዴን አውቀዋለሁ። የክብሪት ቀፎዬን ባዶ አድርጌ ለመሄድ ስዘጋጅ ባለቤቴ አየችኝና፣ ያ የሰው ልጅ ቤቱን ትቶ ለእናንተ ሲደክም ከርሞ ዛሬ ያንኑ ትል ይዘህለት ልትሄድ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ አልጣመኝም እንደማለት ሆነብኝ። ያንን የመሰለ ሐኪም ፊት ለማሳፈር ሕሊናዬ እምቢ አለ። ያኔ ነው ጋሽ አየነው ትዝ ያለኝ።

ጋሽ አየነው የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንዝ ዳር አይደርስም፤ ገላውን የሚታጠበው ለበዓል ለበዓል፣ እሱም በጣሳ ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ከመንደሩ ትል ያልተገኘበት አንድ እሱ ነበር፤ ዶክተሩም በሰው ፊት “እርስዎ ንጹሕ ነዎት” ብለውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዱ ተለውጧል። ወፍጮ ቤት ሄድሁና ስለ ዱቄት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ካወራሁ በኋላ፣ ዓይኔን ወደ ሚዛኑ አዙሬ የመጣሁበትን ነገርሁት። ጋሽ አየነው አልሳቀም። ለወገን ጤና ከሆነ ምን ገዶኝ አለ። በማግሥቱ የክብሪት ቀፎዋን በሁለት እጁ አቀበለኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ሌላ የሚባል ነገር ቢጠፋኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልሁ።

የዚያን ዕለት ምሥጢሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርሁ። በሳምንቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል ያልያዘ ሰው ተሰለፈ። የሁሉም ሐሳብ የእኔው ሐሳብ ነበር፤ ዶክተሩን አናሳፍር ነው። ለናሙና የምትፈለገው የባቄላ ፍሬ ታህላለች፤ ቢሆንም የሰዉ ቁጥር ብዙ፣ ጋሽ አየነው አንድ ነው። ስለዚህ ይመግቡት ጀመር። ከአንዱ ቤት የዓሣ ወጥ፣ ከሌላው ሽሮ፣ ከሌላው ገንፎ ይላክለታል። ወፍጮ ቤት ጥበቃውን ትቶ ከቤት ቤት እየተጠራ ይበላል። ቀስ በል ትን እንዳይልህ ይሉታል፤ ግን ደግሞ አይዞህ ጨምር ይሉታል። በሕይወቱ እንደዚያ ሳምንት የተከበረበት ጊዜ የለም። ማንንም አላስቀረም።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ኮሚቴው በአስቸኳይ ተጠራ። ብልሃርዝያ ከመንደሩ ጠፍቷል። አንድ ሰው ላይ እንኳ አልተገኘም። ሊቀ መንበሩ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ ብልሃርዝያ ጠፍቶ በሁሉም ሰው፣ አንድ ሳይቀር፣ ወስፋት ተገኝቷል። ከክኒኑ በፊት ያልነበረ ወስፋት ነው። ጋሽ አየነው ከሦስት ወር ወዲህ ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ፕሮፌሰሩ ሌሊት ሳይተኙ አስበው አንድ ነገር ደርሰውበታል፤ ዶክተሩ እየተረጎሙ አስረዱን። ክኒኑ ብልሃርዝያን ሲያስወጣ ለወስፋት ቦታ እየለቀቀ ሳይሆን አይቀርም። በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ምክንያቱ እስኪጣራ ድረስ ክኒኑ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ሁለተኛው ዙር እንዲሰረዝ፣ የተረፈው ካርቶን ሁሉ ታሽጎ ረቡዕ በአውሮፕላን እንዲመለስ ተወሰነ።

“የሕሙማን ተወካይ ምን ይላሉ?”

ብድግ አልሁ። ትክክል ነው አልሁ። ጻፍሁት። በሙሉ ልብ።

ወደ ቤቴ ስገባ የመሪጌታን ደጅ ማለፍ ግድ ነው። መሪጌታ ጥበቡ የዘጌ ተወላጅ፣ የዜማ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው ሲነሣ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሆዳቸው አብጦ ደማቸውን እየጨረሰው፣ ማኅሌት ቆመው መጨረስ አቅቷቸዋል። ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩት ተቀምጠው፣ በሹክሹክታ ሆኗል። ያን ዕለት ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“ሁለተኛው ክኒን መቼ ነው ልጄ?” አሉኝ።

ለምን እንደሚጠይቁ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ቀጠሉ። የመጀመሪያውን እንደዋጡት መንገድ ላይ ካለው ዋርካ ሥር እንኳ ሳይደርሱ አስመልሷቸዋል፤ አንዷ ፍሬ ሆዳቸው አልቀረችም። ጾም ስለነበር ነው። ሁለተኛው ለሁሉም የሚሰጥ መስሏቸው፣ አሁን ጾሙ ስለተፈታ በልተው ቢውጡት ይረጋላቸው እንደሆነ ብለው ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ያን ጊዜ ለምን ለዶክተሩ አልነገሩም ብላቸው፣ ያንን የሚያህል ሰው መድኃኒትህን ተፋሁት ይባላል ወይ አሉኝ። የግንቦቱን ናሙናስ ብዬ ጠየቅሁ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውም ከጋሽ አየነው ነው።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እፍረት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ቁርስ ተበልቶ ሲባል ጾም ነው የምትል አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ኖሮ መሪጌታን ዛሬ ድነው ቆመው ባገኘኋቸው ነበር። ረቡዕ ክኒኑ ከሄደ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ፣ መሪጌታስ እስከዚያ መኖር አለመኖራቸውን ማን ያውቃል? ፍርሃቱም አብሮ መጣ። በዚያ ዘመን ከወዳጅ አገር ጋር የሚካሄድን ጥናት መንደር ሙሉ ሰው አታለለ ማለት ስሙ አሻጥር ነው። ከዚያ ባነሰ ነገር ታስሮ የከረመ ሰው አውቃለሁ። ይህንንም ለመሪጌታ ነገርኋቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡና፣ እንግዲያው ብቻህን አትሄድም አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱ ካርቶን ሲያሽጉ ደረስን። መሪጌታን አግዳሚው ላይ አስቀመጥሁና እኔ ቆምሁ። ከቁርሱ ጀምሬ እስከ ክብሪት ቀፎው ድረስ ተናገርሁት፤ ወጡም ገንፎውም አልቀረኝም። ዶክተር ሰሎሞን እየሰሙ ቀስ በቀስ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፕሮፌሰሩ ምን አለ ምን አለ ቢሉ የሚተረጉምላቸው አጡ። ሊቀ መንበሩ ግን ተነሥተው ጠረጴዛውን መቱ፤ ይህ ግልጽ አሻጥር ነው፣ የእያንዳንዱ ተባባሪ ስም አሁኑኑ ተጣርቶ ይቀርባል አሉ።

ስም ዝርዝሩን ጋሽ አየነው አንድ በአንድ በቃሉ ይዞታል፣ ይጠራ አልሁ። ይህን ያልሁት በቅንነት ነው። ሊቀ መንበሩ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። ውኃ ጠጡ። ትንሽ ቆይተው፣ ነገሩን ከንቃተ ሕሊና ማነስ አንጻር ማየትም ይቻላል አሉ። ለካስ የእሳቸውም ናሙና ከወፍጮ ቤት ነበር።

ዶክተሩ ይህን ሁሉ አላዩም። የሚያዩት መሪጌታን ነበር።

“ለምን አልነገራችሁኝም?” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

“ዓይነ ምድራችንን ጠየቃችሁን፣ ሰጠናችሁ” አሉ መሪጌታ። “እኛን የጠየቀን የለም።”

“እኔ እኮ ቤትዎ ድረስ መጥቼ እንዴት ነዎት ብዬ ጠይቄያለሁ። ደኅና ነኝ ነው ያሉኝ።”

“ቆመው ጠየቁኝ። ለቆመ ሰው ደኅና ነኝ ነው የሚባለው። ምን ብዬ ላቁምዎት? መቼ ቁጭ ብለው ጠየቁኝ?”

ዶክተር ሰሎሞን ከባለ መደገፊያው ወንበር ተነሥተው መጡና አግዳሚው ላይ፣ መሪጌታ አጠገብ ተቀመጡ። አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ አንገጫገጫቸው። ቅጹን አላነሡም። “እሺ አባቴ፣ አሁን እንዴት ነዎት?” አሉ። መሪጌታም መናገር ጀመሩ። ስለ ደሙ፣ ስለ ሆዳቸው፣ ቆመው ስላልጨረሱት ማኅሌት፣ ስለ ዋርካው። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ማንም አላቋረጣቸውም። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ሕዝቡ ይህን ሁሉ ያደረገው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ ይሉኝታ የሚለውን ቃል በፕሮፌሰሩ ቋንቋ ሊያስረዱ ጀመሩና እስከ ምሳ ሰዓት አልጨረሱም።

ካርቶኖቹ ረቡዕ አልሄዱም። ናሙናው እንደገና ይሰብሰብ ተባለ፤ ዶክተሩም ልማዳቸውን ሳይተዉ የሕሙማን ተወካይ ምን ይላሉ አሉኝ። ብድግ ልል ነበር፤ ተቀምጬ እንድናገር በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ተቀምጬ ሳወራ ቃል እንደሚበዛልኝ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሰዉ የራሱን ይዞ እንዲመጣ ከተፈለገ ቅድሚያ የኮሚቴው አባላት በሕዝብ ፊት የየራሳቸውን ይስጡ አልሁ። ሊቀ መንበሩ ተቃወሙ። ዶክተሩ ትክክል ነው አሉ።

በሁለተኛው ቀን የክብሪት ቀፏችንን ይዘን ወረፋ ቆምን። ዶክተር ሰሎሞን ከእኔ ኋላ ናቸው። ቀፏቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ውጤቱ ሲመጣ ፕሮፌሰሩ ነጻ ናቸው፤ እሳቸው ውኃን ከፈላ በኋላም የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ሊቀ መንበሩ ላይ ትሉ ተገኘ፣ እኔ ላይ ተገኘ። ዶክተር ሰሎሞንም ላይ ተገኘ። የእሑድ ዋና ነው። ጋሽ አየነው የወስፋት መድኃኒት ታዘዘለትና፣ ንጹሕ የሚለው ማዕረግ በመገፈፉ ለሁለት ሳምንት ከዶክተሩ ጋር አልተነጋገረም።

መሪጌታ ክኒናቸውን የዋጡት እኛ ቤት፣ ባለቤቴ ያቀረበችላቸውን ቁርስ ከዶክተሩ ጋር በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ረጋላቸው። ለዘመን መለወጫ ማኅሌቱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቆመው አድረዋል፤ ሲወጡም መቋሚያውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል።

ዶክተሩም መሪጌታ በዋጡበት ዕለት ማታ፣ እየቸኮሉ በባዶ ሆዳቸው ዋጡ። በማግሥቱ ጠዋት ለስብሰባ ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ የበሩን መቃን ይዘው ነው። ፕሮፌሰሩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ አንድ ነገር ጠየቋቸው። ዶክተሩ ወዲያው ፈገግ ብለው መለሱ። ቋንቋውን ባላውቅም መልሱን አወቅሁት። ፕሮፌሰሩ ቅጹ ላይ ምልክት አደረጉ።

እኔ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁ።

“ዶክተር፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ” አልኋቸው። “እንዴት አደሩ?”

ተቀመጡ። አግዳሚው እንደ ልማዱ ተንገጫገጨ። ፕሮፌሰሩን አንዴ አዩ፣ ሊቀ መንበሩን አንዴ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

“ሲያስመልሰኝ አደረ” አሉ። “እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር።”

ቃለ ጉባኤውን ከፈትሁና፣ በሙሉ ልብ የምትለዋን ሳልጨምር፣ እንዳሉት ጻፍሁት።